«እናቴ ነርሲንግ ሆም ከገባች ወዲህ አልበላም አለች»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ 79 ዓመቷ ነው፤ ከጎንደር አምጥቻት ልጆቼን ያሳደገችልኝ እሷ ነች። ጥር ላይ ስትሮክ መታትና ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፤ መዋጥም ያስቸግራታል። ከሆስፒታል ስትወጣ ሁለት ሰው ካልደገፋት ከአልጋ አትነሣም ነበር። እኔ የሌሊት ሥራ ነው የምሠራው፤ አማራጭ አጥቼ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት) አስገባኋት።

ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ የሚያቀርቡላትን አትበላም። ኢንሹር የሚባለውን ማጠናከሪያ መጠጥ ሲሰጧት አፏን ትዘጋለች። ኪሎዋ ቀንሷል። «የማስታወስ ፈተና ሰጥተናት ከ15 ያገኘችው 6 ነው፣ የመርሳት በሽታ ሳይኖርባት አይቀርም» ብለውኛል፤ ከእኔ ጋር ስታወራ ግን የድሮ ጎረቤቶቻችንን ልጆች ስም አንድ በአንድ ትጠራለች። ባለፈው ሳምንት ወንድ ሠራተኛ ገላዋን አጥቧት ስደርስ ስታለቅስ አገኘኋት። በዚያው ቀን ማተቧን ቆርጠው ጥለውታል፤ «ቆሽሾ ነበር» አሉኝ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ «እናቷን አውጥታ ጣለች» እየተባለ ነው። ወንድሜም ከአዲስ አበባ እየደወለ ያንኑ ይለኛል። ወደ ቤት ልመልሳት? ወይስ ባህላችንን የሚያውቅ ሌላ ቤት ልፈልግ? ደግሞ ለፋሲካ ክፍሏ ውስጥ ቡና ማፍላት ይፈቀድልኝ ይሆን?

ልጇ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦

እህቴ፣ ከፈተናው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚበላሸው ከዚያ ነውና። አንዴ «የመርሳት ችግር አለባት» ተብሎ መዝገብ ላይ ከሰፈረ፣ እናትሽ አልበላም ሲሉም፣ ሲያለቅሱም፣ ሲቆጡም ሠራተኛው ምክንያቱን መጠየቅ ያቆማል። በሽታው ነው ይላል፣ ያልፋል።

ከ15 የሚታረመው ፈተና ቢምስ ይባላል፤ በነርሲንግ ሆሞች ሁሉ የሚሰጥ አጭር መጠይቅ ነው። ሦስት ቃል ይነገራቸዋል፤ ካልሲ፣ ሰማያዊ፣ አልጋ። ወዲያው ይደግሟቸዋል፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ አስታውሰው ይናገራሉ። ለዚህ ብቻ 9 ነጥብ አለ። ቃላቱ በእንግሊዝኛ ተነግረዋቸው ከሆነ እናትሽ ያላወቁትን ቃል እንዴት ያስታውሱ? ከዚያ ዘመኑ ስንት ነው ይባላሉ፤ ይህ 3 ነጥብ ነው፣ ከአምስት ዓመት በላይ የሳተ ሰው ዜሮ ያገኛል። የእኛ ዘመን ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። እናትሽ አእምሯቸው እንደ መስተዋት ጠርቶ የእኛን ዓመተ ምሕረት በትክክል ቢመልሱ እንኳ በፈተናው ሕግ ዜሮ ናቸው። ሰዓትም ቢጠየቁ ያው ነው፤ ረፋድ ላይ «ሦስት ሰዓት» ያለችን አሮጊት ግራ የገባት አድርገው የሚጽፉ አሉ።

ስለዚህ ነገ ሄደሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፤ ፈተናው በምን ቋንቋ ተሰጠ? ማን አስተረጎመ? በባለሙያ አስተርጓሚ በአማርኛ ካልተሰጠ እንደገና ይሰጥላቸው። ከመጀመሩ በፊትም ፈታኙ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ይነገረው። ይህን ስልሽ እናትሽ ምንም የላቸውም ማለቴ አይደለም፤ ስትሮክ የማስታወስ ችሎታን ሊጎዳ ይችላል። የድሮ ጎረቤት ስም መጥራታቸውም ማረጋገጫ አይሆንም፤ የቆየ ትዝታ በመርሳት በሽታ መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው። ግን ውጤቱ የእናትሽ አእምሮ ይሁን የቋንቋው ችግር ሳይለይ መድኃኒት አይጀመርላቸው።

አስተርጓሚ ደግሞ አንቺ አይደለሽም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ2010ሩ የጤና መድን ሕግ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ፤ በስልክም ይሆናል። «ልጇ ስትመጣ እንነግራታለን» ብሎ ማሳደር አይቻልም። ልጆችሽን ለአያታቸው ሐኪም እንዲያስተረጉሙ ማድረግም፣ ነፍስ የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ካልሆነ በቀር፣ ክልክል ነው። ልብ በይ፣ እናትሽ ስለ ሽንት፣ ስለ ሆድ ድርቀት፣ ስለ ሰውነታቸው ላንቺም ለልጅ ልጅም የማይናገሩት አለ። ለማያውቁት አስተርጓሚ ይናገሩታል።

አሁን ወደ ዋናው። ብዙ ቤተሰብ አንዲት ደግ ነርስ ያገኛል፣ ነገሩን ሁሉ ለእሷ ያስረዳል፣ እሷም ትረዳለች። ከዚያ ሺፍቷ ያልቃል። ማታ የሚገባው ሰው ስለ ጾምም ስለ ማተብም የሰማው ነገር የለም። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተነገረ ነው። የሚጻፍበት ደግሞ ኬር ፕላን የሚባለው የእንክብካቤ ዕቅድ ነው። የመንግሥት የጤና መድን ከሆኑት ከሜዲኬር ወይም ከሜዲኬይድ ክፍያ የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ሰው በገባ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ዕቅድ ማውጣት አለበት፤ በ14 ቀን ውስጥ ሙሉ ግምገማ ይደረጋል፤ ግምገማው ካለቀ በ7 ቀን ውስጥ ሙሉው ዕቅድ ይወጣል፤ ከዚያ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይታያል። የዚህ ሥርዓት መሠረት በ1987 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። ደንቡ በ2016 ሲሻሻል ደግሞ እንክብካቤው የሰውዬውን ባህል ያገናዘበ እንዲሆን ተጨመረበት፤ ይህ ክፍል ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ ይሠራል። ስለዚህ ዕቅዱ እንዲታይ ስብሰባ ስትጠሪ ውለታ እየለመንሽ አይደለም። እናትሽም በስብሰባው የመገኘት መብት አላቸው፤ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይቀመጡ፣ አስተርጓሚው በስልክ ይግባ። ሶሻል ወርከሯን፣ ዋና ነርሷን፣ ዳይቲሽያኗን (የምግብ ባለሙያዋን) እና ስፒች ቴራፒስቷን (የንግግርና የመዋጥ ባለሙያዋን) እንዲገኙ ስማቸውን ጠርተሽ ጠይቂ። እስከ ቀጣዩ ሦስት ወር አትጠብቂ፤ ሰው ኪሎ ሲቀንስ ዕቅዱ ወዲያው መታየት አለበት። በአንድ ወር ውስጥ የሰውነት ክብደት 5 በመቶ ከቀነሰ በእነሱው መለኪያ አሳሳቢ ነው፤ የመዘኑበትን ወረቀት እንዲያሳዩሽ ጠይቂ።

ስለ ምግቡ ላብራራ፤ ከሁሉ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። እናትሽ ኢንሹር ሲመጣ አፋቸውን የሚዘጉት ግትር ሆነው አይደለም። የተለመደው ኢንሹር የወተት ፕሮቲን አለበት፤ ቀምሰውት አውቀዋል። ቁርስ ላይ የሚቀርበው ቋሊማ አሳማ ይሁን አይሁን ማን ነገራቸው? አንዳንዱ መድኃኒት የሚታሸግበት ለስላሳ እንክብል ሳይቀር ከከብት ወይም ከአሳማ ከሚወጣ ጄላቲን የተሠራ ነው። «በጾም አልበላም» የሚለውን በእንግሊዝኛ መናገር የማይችል ሰው ያለው መልስ አፍ መዝጋት ብቻ ነው።

ጾሙ ሁለት ነገር መሆኑን ለዳይቲሽያኗ ለይተሽ አስረጃት፤ ምን ይበላል የሚለውና መቼ ይበላል የሚለው። የምግቡ ዓይነት ብዙ አያስጨንቅም፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሳይነኩ በምስር፣ በሽሮ፣ በሱፍ፣ በአቮካዶ፣ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ከአኩሪ አተር በተሠራ ወተት የሚፈልጉትን ማግኘት ይችላሉ፤ ከአትክልት ፕሮቲን የተሠራ ማጠናከሪያ መጠጥም ይሸጣል። የሚጎዳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋሉ ነው። ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ ስኳር ካለባቸው ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው።

እዚህ ላይ የንስሐ አባታቸው ያስፈልጋሉ። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን እንደማታስገድድ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እናትሽም ያውቃሉ። ግን አንቺ «ለታመመ ሰው ተፈቅዷል» ብትያቸው ልጅ ነሽ፤ አያምኑሽም፣ ቢያምኑሽም ቅር እያላቸው ነው። ካህኑ ራሳቸው አልጋው አጠገብ ቆመው ይንገሯቸው። የምትጠይቂያቸውንም ነገር ለይተሽ ጠይቂ፤ «ጾሙን ይፍቱላት» ከምትይ «ሰዓቱን ይፍቱላት» ብትይ ይሻላል። እናትሽ ጾማቸውን ሳይገድፉ ጠዋት መብላት ከቻሉ ግማሹ ጣጣ አለቀ። የመጡበትን ቀንና ያሉትን ነርሷ መዝገብ ላይ ታስፍረው። ረቡዕና ዓርብ፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ፣ ኅዳር ላይ የነቢያት ጾም እንዳለም የፈረንጅ ቀኑን ጽፈሽ አሁኑኑ ስጫቸው። የነርሲንግ ሆሙ ምግብ ዝርዝር የነዋሪዎቹን ሃይማኖትና ባህል ማገናዘብ እንዳለበት ደንቡ ይላል፤ ማእድ ቤቱ ጥሬ ዕቃ የሚያዝዘው ግን ቀደም ብሎ ነው።

ከቤት የምትወስጂው ምግብ ይፈቀዳል። ከውጭ የሚመጣ ምግብ እንዴት እንደሚቀመጥና እንደሚሞቅ ነርሲንግ ሆሙ የጽሑፍ መመሪያ ሊኖረው ግድ ነው፤ ስምና ቀን ጽፈሽበት ማቀዝቀዣ ይገባል። ነገር ግን እናትሽ የመዋጥ ችግር አለባቸው። ከስትሮክ በኋላ ምግብ ወይም ውኃ በተሳሳተ ጉሮሮ ወርዶ ሳንባ ገብቶ የሚያመጣው የሳንባ ምች ስንቱን ወስዷል። ስለዚህ ስፒች ቴራፒስቷ በምትመጣበት ሰዓት ሽሮውን ይዘሽ ተገኚ፤ እሷ እያየች ይቅመሱ። እኛ ለስላሳ የምንለው ሁሉ ለመዋጥ ቀላል አይደለም። በደንብ የላመና ያልጓጎለ ሽሮ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ገንፎ ለስላሳ ይመስላል እንጂ ይጣበቃል። እንጀራም በምራቅ ሲርስ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነገር ነው፤ ፍትፍት እንኳ ቢሆን ሳታስፈቅጂ አታቅርቢ። በርበሬው ያስላል፤ ሳሉ ደግሞ ምግቡ ወደ ሳንባ እየሄደ ነው አሰኝቶ ሌላ ምርመራ ያመጣል፤ አልጫ አድርጊው። ለመጠየቅ የሚመጡ የቤተ ክርስቲያን እናቶችንም ጉርሻ ላይ አደራ በያቸው። ያ በፍቅር የሚታጨቅ ትልቅ ጉርሻ ለእናትሽ አደጋ ነው። ትንሽ ማንኪያ፣ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ አንዱን ሳይውጡ ሌላ አለመጨመር።

ጸበልም ያው ውኃ ነው። ወደ ሳንባ እንዳይገባ ውኃቸው እየወፈረ የሚሰጣቸው ከሆነ ጸበሉን በስውር በብርጭቆ አታጠጪያቸው፤ ይህን የሚያደርግ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ነርሷ ሳታውቅ ሌሊቱን ትኩሳት ይነሣል። ግንባርና ፊታቸውን መቀባት፣ መርጨት ምንም የለውም። መጠጣት ካለባቸው ስፒች ቴራፒስቷን በግልጽ ጠይቂ። ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉ ከሆነም ካህኑ ስለ መዋጣቸው አስቀድመው ይወቁ። ዳማ ከሴ፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም ብጤም ካለ ለነርሷ ተናገሪ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዲህ ያለውን አይደብቅም።

የማተቡ ነገር እኔንም አንገብግቦኛል። ቆራጩ ግን ምን እንደቆረጠ አላወቀም፤ የቆሸሸ ክር ነው ያየው። ካህኑ ሲመጡ አዲስ ይሰሩላቸው። ዕቅዱ ላይ ደግሞ እንዲህ ይጻፍ፤ «በአንገቷ ያለው ክር የጥምቀቷ ምልክት ነው። ለሕክምና ግድ ካልሆነና ቤተሰብ ካልተጠየቀ አይወልቅም፣ አይቆረጥም።» ሁለት መለዋወጫ ክር በፖስታ አድርገሽ መሳቢያቸው ውስጥ አስቀምጪ። ክሩ በየጊዜው ቢታጠብ ወይም ቢለወጥ «ቆሽሾ ነበር» የሚሉት ምክንያትም አይኖራቸውም።

ገላቸውን ሴት ብቻ እንድታጥባቸው መጠየቅ መብታቸው ነው፤ ያንንም አስጽፊ። «ሠራተኛ አንሶናል» ሊሉሽ ይችላሉ፤ እውነትም ብዙ ጊዜ ያንሳቸዋል። እንዲያ ከሆነ የሚታጠቡበት ቀንና ሰዓት ሴት ሠራተኛ ባለችበት ሺፍት ይሁን፤ ወንድ ብቻ ካለ ገላው ይቆይ፣ ፊትና እጅ ይጥረጉ። አንድ ነገር ደግሞ ቀስ ብለሽ እናትሽን ጠይቂ። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ነርሲንግ ሆሞች የአገራችን ሴቶች በብዛት ይሠራሉ፤ ቤተሰብ ሐበሻ ሠራተኛ ሲያገኝ እፎይ ይላል። እናቶች ግን ሁሌ አይፈልጉም። ነገ ቤተ ክርስቲያን የምታገኛቸው ሴት ራቁታቸውን እንድታያቸው የማይሹ አሉ። ለወሬ ከሐበሻ፣ ለገላ ከፊሊፒኗ ጋር የሚስማሙ እናት አይቻለሁ። ምርጫቸው ነው።

ሳይታወቅ የሚያሳስት ትንሽ ትንሽ ነገርም አለ። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። አንድ ጊዜ ነርሷ አሮጊቷ ትንፋሽ አጠራት ብላ ኦክስጅን መለኪያ ይዛ ስትሮጥ ደርሻለሁ፤ ሴትዮዋ ሻይ ትፈልጊያለሽ ተብላ አዎ ማለቷ ነበር። ሕመማቸውን ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር ንገሪን ሲሏቸውም እናትሽ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚሉት፤ ወገባቸው እየተቆረጠም ቢሆን። ለሠራተኞቹ ቁጥሩን ትተው ፊታቸውን እንዲያዩ፣ ሲያገላብጧቸው እንዲያስተውሉ ንገሪያቸው። ጠዋት ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ቢጠሯቸው አይመልሱም፤ ይህም «ምላሽ አትሰጥም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ቁርሱም መድኃኒቱም ከጸሎቱ በኋላ ይሁን፤ የመነሣትና የመብላት ሰዓትን መምረጥ ይችላሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ በትልልቅ ፊደል ጽፈሽ፣ እናትሽን አስፈቅደሽ፣ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፊው፤ ሌላው ጠያቂ ሁሉ ማንበብ የለበትም።

ወደ ቤት ልመልሳት ላልሽው፣ ሁለት ሰው ካልደገፋቸው የማይነሡን እናት ሌሊት ሠርታ የምታድር ሴት ብቻዋን አትችልም። ሜዲኬይድ ቤት ውስጥ ረዳት የሚመድብባቸው ፕሮግራሞች ሜሪላንድ ውስጥ አሉ፤ ከነርሲንግ ሆም ወደ ቤት ለሚመለሱም የተለየ መንገድ አለ። ሶሻል ወርከሯን ማመልከቻውን አሁኑኑ አስጀምሪያት፤ ረዳቱ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ በጽሑፍ ሳታዪ ግን አታስወጫቸው። ሌላ ቤት መፈለግሽም ነውር የለውም። ስትጎበኚ «ባህል እናከብራለን» የሚለውን ብሮሹር ትተሽ፣ አሁን ስንት አማርኛ ተናጋሪ ነዋሪ አላችሁ፣ በጾም ቀን ማእድ ቤታችሁ ምን ያወጣል ብለሽ ጠይቂ።

ስለ ወሬው ብዙ አልልም። እነዚሁ ሰዎች መቄዶንያ ለአረጋውያን ገንዘብ ሲያሰባስብ እንባቸው እስኪመጣ የሚያዋጡ ናቸው፤ አዲስ አበባ ያለ ሽማግሌ በማያውቀው ሰው ሲታጠብ ጽድቅ ነው፣ ሜሪላንድ ሲሆን ነውር። ወንድምሽን ግን አትጣዪው። ጧሪነቱን ከሩቅ ሆኖ ማሳየት ካቃተው ሥራ ስጪው፤ በየቀኑ እናትሽ ቁርስ በሚበሉበት ሰዓት በቪዲዮ ይደውል። አዲስ አበባ ላይ ከሰዓት በኋላ ነው። አጠገባቸው የሚያወራ ልጅ ሲኖር ማንኪያው ይገባል። ካልበሉም የመጀመሪያው የሚያየው እሱ ነው፤ ያኔ የሚደውልልሽ ለሌላ ጉዳይ ይሆናል።

ስብሰባ ተደርጎ፣ ተጽፎ፣ አሁንም ወንድ ካጠባቸው ቅሬታሽን በጽሑፍ ለአስተዳዳሪው ስጪ፤ ቅጂ ያዢ። ቀጥሎ ኦምቡድስማን አለልሽ፤ የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎችን አቤቱታ በነጻ የሚከታተል፣ በእያንዳንዱ ግዛት ያለ ጽሕፈት ቤት ነው። ስልኩ ነርሲንግ ሆሙ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት፤ ካጣሽው 1-800-677-1116 ደውለሽ የአካባቢሽን ጠይቂ። «ብከስ እናቴ ላይ ይወጡባታል» የሚለው ፍርሃት በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው። አቤት ባለ ነዋሪ ላይ ቂም መወጣት በሕግ ክልክል ነው፤ ኦምቡድስማንም የእናትሽን ስም ያለ ፈቃዳቸው አይናገርም።

ቡናው። ክፍል ውስጥ ከሰልም ዕጣንም አይሆንም፤ በግድግዳው ወዲያ ኦክስጅን የተሰካለት ሰው ሊኖር ይችላል፣ የጢስ ማስጠንቀቂያውም ይጮኻል። የኤሌክትሪክ ምድጃም ብዙ ቦታ አይፈቀድም። የአክቲቪቲ ኃላፊዋን (የነዋሪዎችን ዝግጅት የምታሰናዳውን) ጠይቂያት፤ የጋራ አዳራሹን ወይም ግቢውን አንድ እሑድ ከሰዓት ትሰጥሻለች፣ እነሱም ለነዋሪዎቻቸው ዝግጅት ይፈልጋሉ። ቡናውን ቤት ቆልተሽ ውቀጪው፤ የተቆላውን ትኩሱን በክዳን ዕቃ ይዘሽ ገብተሽ ክፈቺላቸው፣ ያሽትቱ። ጀበናውን፣ ረከቦቱን፣ ቄጤማውን ያዢ፤ ቡናው በፔርሙዝ ይምጣ። የእናትሽ ስኒ ግን ስፒች ቴራፒስቷ ባዘዘችው መጠን ይወፍራል፤ ስኳሩን ራሳቸው ይጨምሩ፣ በረከቱን እሳቸው ይስጡ። ፈንዲሻም ይኑር፤ እሱ ለሠራተኞቹ ነው፣ ለእናትሽ አይደለም።